ታሪክ ቁጥር አራት

ሰኞ፣ አንደኛ ሳምንት

ዛሬ ወንበሮቹን ክብ አድርገው ጠበቁን። ጠረጴዛ የለም፣ ፕሮጀክተር የለም፣ ደብተር እንኳ እንዳትይዙ ተባልን። አሥራ ስድስት ዓመት ቆሜ ያስተማርኩበት አዳራሽ ውስጥ ገብቼ የምቀመጥበት ጠፋኝ።

አዲሷ ባለሙያ መሀል ቆማ ፈገግ ትላለች። ከመጨረሻ ልጄ ብትበልጥ በሁለት ዓመት ነው። እኛ አሰልጣኞችን የምናሰለጥን አሥር ሰዎች ከእንግዲህ የምንማማረው በታሪክ ነው አለችን። እያንዳንዱ ሰው በሥራው ላይ ራሱ ያጠፋውን አንድ ነገር ይተርካል፤ ሌላው ያዳምጣል። መምከር ክልክል፣ ማጽናናት ክልክል። መጠየቅ ብቻ። «ከዚህ የምንማረው ነገር ቢኖር» ብሎ መጨረስማ ጭራሽ የተወገዘ ነው።

«ትምህርቱን ካልነገርኳቸው ምኑን ተማሩት?» አልኳት።

«እሱን ራሳቸው ያገኙታል፣ አሰልጣኝ።»

ያገኙታል! እኔ ያሰለጠንኳቸው ሰዎች መረቡ በየት በኩል እንደሚወጠር እንኳ ያወቁት በጣቴ እያሳየኋቸው ነው። ፀጉሩ የሸበተ ሰው ሰብስቦ ተረት ተረት! ደሜ ፈልቶ ቤት ገባሁ። ባለቤቴ ጫማዬን ሳላወልቅ «ዛሬ ደግሞ ማን ነው?» አለችኝ። «ወይዘሪት ክብ» አልኳት። ስሙን ያወጣሁላት ያኔ ነው።

ረቡዕ

በጥድፊያ ነው የምጽፈው። ዋናተኛው ተናገረ። የዋና አሰልጣኞችን የሚያሰለጥነው ጓደኛዬ ነው፣ ደረቱ በር የሚያህል። ውሃ ፈርቶ የሚያለቅስ ሕፃን ገፍቶ ገንዳ ውስጥ እንደጨመረ ተናገረ። ልጁ ዳግም ገንዳ አጠገብ አልደረሰም። ሰው ሁሉ ዓይኑን ይጠራርጋል። ትልልቅ ሰዎች! ዓርብ ተራው የኔ ነው። ምን አጠፋሁ እኔ?

ሐሙስ

ሳስብ ዋልኩ። አጥፍቼ አላውቅም አልልም። ዳኛ ሰድቤአለሁ፣ ቡድን ይዤ አውቶቡስ አምልጦኛል፣ አንዴ የሌላ ቡድን መለያ ጭኜ ሜዳ ደርሻለሁ። ግን ሰው ሕፃን ገንዳ ውስጥ ጨምሮ ባስለቀሰበት ክብ እኔ መለያ ተሳሳትኩ ብዬ ልናገር? መሳቂያ ልሆን?

ባለቤቴ ደግሞ መነጽርህን ቀይር ብላ ይዛኛለች። መድኃኒት ቤት ስለምትሠራ የሰፈሩን ሁሉ ዓይንና ጨጓራ የምታስተዳድር ይመስላታል።

«ታች መንገድ ያለችው መነጽር ቤት ጎበዝ ናት ይላሉ። ለምን አትሄድም?»

«ሩቅ ነው።»

«ሁለተኛው መታጠፊያ ላይ እኮ ነው፣ ሰውዬ!»

ሩቅ ነው አልኩ፣ አለቀ። በዚያ መንገድ ካለፍኩ ዓመታት ሆነኝ፣ የጎደለብኝም ነገር የለም። ሰው የሚሄድበትን መንገድ የመምረጥ መብት የለውም እንዴ?

ዓርብ

ተናገርኩ። እንዲህ ያለ ጸጥታ በዚያ አዳራሽ ሰምቼ አላውቅም።

የዛሬ አሥራ ዘጠኝ ዓመት የወጣት ሴቶች መረብ ኳስ ቡድናችን ዋንጫ ሊወስድ አንድ ዙር ሲቀረው የሆነውን ነገርኳቸው። ሰባት ቁጥር የምትለብስ አጥቂ ነበረችን፣ አሥራ ሰባት ዓመቷ። አራተኛው ዙር ላይ ጉልበቷ ዞረ። ተጠባባቂ ወንበር ላይ ተቀምጣ ጥርሷን ነክሳ ታለቅሳለች። ሁለት አሰልጣኞች ነበርን። አንዱ ትውጣ አለ። ሌላው ጉልበቷን በፋሻ ጠቅልሎ «አምስት ደቂቃ ብቻ ቻይልኝ» ብሎ ወደ ሜዳ መለሳት። ስትዘል ደህና ነበረች። ስታርፍ ነው የሆነው። ከዚያ ቀን ወዲህ አልተጫወተችም፣ እስከ ዛሬ ታነክሳለች።

ትውጣ ያልኩት እኔ ነኝ አልኳቸው። ያኛው፣ ነፍሱን ይማርና፣ ዛሬ የለም።

ወይዘሪት ክብ አገጯን ይዛ አየችኝ። «አሰልጣኝ፣ የጠየቅነው እኮ የራስዎን ጥፋት ነው» አለች።

«የኔ ጥፋት ጮክ ብዬ አለመናገሬ ነው» አልኳት።

እንዴት እንደመጣልኝ እኔም አላውቅም! የቦክሱ አሰልጣኝ፣ ድንጋይ የሚመስለው ሰውዬ፣ መሀረብ አወጣ። ዋናተኛው ስንወጣ ትከሻዬን ጨበጠኝ። «ፋሻው ሲተረተር የሚሰማውን ድምፅ ሳይቀር እንዴት አስታወስከው?»

«ቅርብ ነበርኩ» አልኩት።

ማክሰኞ፣ ሁለተኛ ሳምንት

አዲስ ነገር መጣ። መዋዋስ ይሉታል። እያንዳንዳችን የሌላውን ታሪክ ወስደን በየክፍላችን ለሚማሩት አሰልጣኞች እንናገራለን። ታሪክ የሚሠራው ከአፍ ወደ አፍ ሲሄድ ነው ትላለች ወይዘሪት ክብ። ከሁሉ የተሻሉት ስድስቱ ለሌሎች ማሰልጠኛዎች በሚታተመው መመሪያ ውስጥ ይገባሉ። የኔ ገብቷል፤ ታሪክ ቁጥር አራት። ደስ አለኝ ማለት አይደለም። ግን የዋናተኛው ስድስተኛ ነው።

የኔን የተዋሰው እሱ ነው። እኔ የሱን። ውሃ ውስጥ ገብቼ የማላውቅ ሰው የገንዳ ታሪክ ላወራ ነው እንግዲህ።

ሐሙስ

ምን ዓይነት ሰዎች ናቸው! እጄን ልታጠብ ኮሪደሩ ጫፍ ያለው ቧንቧ ጋ ስሄድ ሁለት ሰልጣኞች ያወራሉ።

«ባለፎጣው እኮ ነው። ያ ዝምተኛው።»

«እሱ? አይመስልም ነበር!»

«ሰው አይታወቅም።»

ጆሮዬ ጭው አለ። ሟቹ ባልደረባዬ በጋም ክረምትም ፎጣ ከአንገቱ አይለየውም ነበር፣ ይህን የማያውቅ የለም። በቀጥታ ወደ ገንዳው ሄድኩ። ዋናተኛው ከነቁምጣው ቆሞ ፊሽካ ይነፋል።

«ፎጣ ማን ጨምር አለህ?»

«አንተ ነህ እኮ ያልከው።»

«እኔ ፎጣ አልኩ?»

«'ፎጣውን ከአንገቱ አውርዶ' ነው ያልከው። የክፍሉ ሰው ሁሉ እዚያ ላይ ነው ቀጥ ያለው። እኔ የጨመርኩት ጩኸቱን ብቻ ነው። 'ተነሺ!' ብሎ ሲጮህባት።»

ጩኸት! በሕይወቱ ድምፁን ከፍ አድርጎ የማያውቅ ሰው! ቡድኑ ሲሸነፍ እንኳ ኳሶቹን በመረብ ከረጢት እየሰበሰበ ያፏጭ የነበረ ሰው! «እሱ አይጮህም» አልኩት።

«ታዲያ በሹክሹክታ ነው የመለሳት?» አለኝ ዋናተኛው።

ነገር የሚያሳምር ሰው አልወድም። ታሪክ ሲነገር እንደነበረ ነው መነገር ያለበት።

ዓርብ

ለካ ልጁ ዋናተኛው ክፍል ውስጥ ነበረች።

የሟቹ ልጅ ማለቴ ነው። ትምህርት ቤት ውስጥ መረብ ኳስ ታሰለጥናለች፣ ለደረጃ ሥልጠና ነው የመጣችው፤ ሰልጣኞቹ በየክፍሉ እየተዘዋወሩ ነው የሚማሩት። ስትወለድ ሆስፒታል ድረስ ሄጄ ያየኋት ልጅ ናት። ያኔ ያ ጨዋታ ሲሆን ስድስት ዓመቷ ነበር። ቢሮዬን ሳታንኳኳ ገባች።

«ጋሼ፣ እውነት ነው?»

«ምኑ?»

«ታውቀዋለህ ምኑ እንደሆነ።»

«እኔ ስም አልጠራሁም» አልኳት።

«ስም አልጠራህም። እኔ የምጠይቅህ አባዬ ነው ወይ ብዬ ነው።»

ጠረጴዛዬ ላይ ያለውን ወረቀት ደረደርኩ። የክትትል ቅጾቹን ከሰማያዊው ፋይል አውጥቼ ወደ አረንጓዴው ከተትኩ፣ ከዚያ መልሼ ወደ ሰማያዊው። እሷ ቆማለች። አፍንጫዋ የሱ ነው፣ ቁርጥ የሱ።

«አባትሽ ጥሩ ሰው ነበር» አልኳት። «ሰው ይሳሳታል።»

አንገቷን ደፋች። ከዚያ አመሰገነችኝ። «ሌላ ሰው ቢሆን ይሸፍንልኝ ነበር» አለችኝ።

ይሄን ሁሉ ያመጣችው ወይዘሪት ክብ ናት። ወንበሮቹ እንደ ድሮው ተደርድረው ቢሆን ኖሮ ማን ምን ይናገር ነበር? እኔ ስለ መከላከያ አቋቋም አስተምሬ ወጥቼ ነበር።

ረቡዕ፣ ሦስተኛ ሳምንት

የመመሪያው ረቂቅ መጣ። ታሪክ ቁጥር አራት ሁለት ገጽ ይዟል። ፎጣው አለ። ጩኸቱም ገብቷል። ከሥሩ የመወያያ ጥያቄ አለው፤ «ይህ አሰልጣኝ ከተጫዋቿ ይልቅ ዋንጫውን ያስቀደመው ለምን ይመስላችኋል?»

ወይዘሪት ክብ ጋ ሄጄ አውጭው አልኳት።

«ለምን?»

«የሟች ነገር ነው። ደስ አይልም።»

«ስም የለውም እኮ።»

«ሰው ያውቀዋል።»

«እንግዲያው ፎጣውን እናውጣ፣ ጩኸቱንም። ታሪኩን ግን ለምን?» ብዕሯን አስቀመጠች። እንዲህ ሲሆን ሰው የምታይበት አስተያየት አላት፤ ዝም ብላ ትጠብቃለች፣ ሰው እስኪጨንቀው። «ሌላ የሚታረም ነገር አለው፣ አሰልጣኝ?»

«የለውም» አልኳት። በሩን ትንሽ ጠበቅ አድርጌ ዘጋሁት። ተሰማ መሰለኝ።

እሑድ

ባለቤቴ ልብስ እያጠፈች «ያንን ነገር ምን ብለህ ነው የነገርካቸው?» አለችኝ። መድኃኒት ቤት ሰምታ መጥታለች። ከዚያ ከተሰማ ከተማው ሁሉ ሰምቷል ማለት ነው።

«እንደነበረው።»

«ያን ዕለት ዋንጫውን አቅፈህ ገብተህ ምግብ አልቀመስክም» አለች። «ስልክ ተደወለ። ያነሳሁት እኔ ነኝ። ከሆስፒታል እሱ ነበር። 'ለዋናው አሰልጣኝ ንገሪልኝ፣ አልጋ አግኝታለች፣ አይጨነቅ' ነው ያለኝ።»

«አላስታውስም።»

«እኔ አስታውሳለሁ።»

ሸሚዜን አጥፋ ከላይ አስቀመጠችው። ከገዛ ቤቴ ምስክር ይቆምብኝ? ስንት ዓመት አብሮ ተኖሮ ለሌላ ሰው ጠበቃ መሆን ምን ይባላል?

ማክሰኞ፣ አራተኛ ሳምንት

ዝናብ። ጂምናዚየሙ ያፈሳል፣ ባልዲ መሀል ሜዳ አስቀምጠን ነው የሠራነው። ሦስት ጊዜ አመልክቻለሁ፣ የሚሰማ የለም። ለክብ ወንበር ግን ጊዜ አላቸው።

ልጁ መጣች። በሁለት እጇ ባልዲውን ጠጋ እያደረገች ታወራለች።

«ጋሼ፣ ያቺ ሰባት ቁጥር የት ናት?»

«ምን ልታደርጊላት?»

«ይቅርታ ልጠይቃት። በአባዬ ስም።»

«አሥራ ዘጠኝ ዓመት ያለፈውን! ማን ላከሽ?»

«ማንም። እናቴ ከሰማች ወዲህ እንደበፊቱ አይደለችም። 'አንድ ቀን እንኳ አልነገረኝም፣ ሌላስ ምን ደብቆኛል?' አለችኝ። ስለ እሱ ስናወራ ተነስታ ትሄዳለች። ቢያንስ እኔ የምችለውን ላድርግ ብዬ ነው።»

የት እንዳለች አላውቅም አልኳት። ልጅቷ ግትር ናት። አባቷ እንደዚህ አልነበረም፣ ወይም ነበረ፣ ዝም እያለ ነበር የሚገትረው። ኮሪደሩ ላይ የተሰቀለው የቡድኑ ፎቶ ሥር ቆማ ስሞቹን በስልኳ ስታነሳ አየኋት። ያንን ፎቶ ማን እዚያ ስቀሉት አለ? አሥር ዓመት ሙሉ አቧራ ለብሶ ሲኖር የጠረገው ማን ነው?

ሐሙስ

ክፍል ውስጥ አንዱ ሰልጣኝ ላይ ጮህኩ። እግሩን በትክክል አላስቀመጠም። በትክክል ነበር ያስቀመጠው።

ረቡዕ፣ አምስተኛ ሳምንት

አገኘቻት። ኮሪደር ላይ እየሮጠች መጥታ ነገረችኝ፣ ፊቷ በርቶ። «መነጽር ቤት አላት ጋሼ! ታች መንገድ! ቅዳሜ ሦስት ሰዓት ላይ ልሄድ ነው። ብትመጣ ደስ ይለኛል፤ አንተም እኮ ያኔ ልታስቆመው ሞክረሃል።»

ቅዳሜ ሥራ አለኝ አልኳት። ቅዳሜ ሥራ ኖሮኝ አያውቅም።

ሐሙስ

ከሰዓት። ቢሮዬን ዘግቼ ነው። ሰልጣኞቹ ውጭ ይሯሯጣሉ።

ይህን ደብተር ከኔ ሌላ የሚያነበው የለም። አምስት ሳምንት ሙሉ ለራሴ ደብተር የዋሸሁት ለምንድን ነው ታዲያ?

ዋናው አሰልጣኝ እኔ ነበርኩ። እሱ ረዳቴ ነበር። ፋሻውን የጠቀለልኩት እኔ ነኝ፤ ጉልበቷ መዳፌ ላይ ይግል ነበር፣ ያበጠውን እያየሁ ነው የጠቀለልኩት። «ትውጣ» አለኝ። ሰማሁት። እንደገና «ትውጣ» አለኝ። ሦስተኛው ላይ ፎጣውን ከአንገቱ አውርዶ ጭኗ ላይ ጣለው፣ እንዳትነሳ። እኔ አንስቼ ወረወርኩት። «ዋናው እኔ ነኝ» አልኩት፣ ልጆቹ ሁሉ እየሰሙ። እሷ ደግሞ አየችኝ። እሺ ልበል ወይስ እምቢ ብላ አየችኝ፣ አሥራ ሰባት ዓመቷ ነው፣ እኔ የምላትን ከማድረግ ሌላ ምን ታውቃለች? «አምስት ደቂቃ ብቻ ቻይልኝ» አልኳት።

ስትወድቅ ሮጦ የደረሰው እሱ ነው። አቅፏት ወጣ። እኔ የቀሩትን አራት ነጥቦች አጫወትኩ። አሸነፍን። ፎቶው ላይ እሱ የሌለው ለዚህ ነው።

ሆስፒታል አልሄድኩም። መጀመሪያ ነገ እሄዳለሁ አልኩ። ከዚያ ሳምንት አለፈ፣ ከዚያ ምን ብዬ ልሂድ አልኩ። መነጽር ቤቱን ከከፈተች ወዲህ ደግሞ በታች መንገድ ማለፍ ተውኩ።

ከዚያ በኋላ አሥራ ሰባት ዓመት ከጎኔ ሠራ፣ አንድም ቀን አላነሳብኝም። እንደ እውነቱ ከሆነ ይሄ ነው የሚያናድደኝ። ለምን አልተናገረም? ለሚስቱ እንኳ! አንዴ ቢጮህብኝ፣ አንዴ በሰው ፊት ቢያዋርደኝ ኖሮ እኔ ያን ዓርብ እዚያ ወንበር ላይ ተቀምጬ እንዲያ ልል እችል ነበር? የሞተ ሰው ዝምታውን ትቶልኝ ሄደ፣ እኔም ተጠቀምኩበት።

አሁን ደግሞ ሟቹን ነው የምቆጣው። ጉድ እኮ ነኝ።

ቅዳሜ ከሦስት ሰዓት በፊት አገኛታለሁ። እዚያው መንገድ ላይ፣ ሳትገባ።

ቅዳሜ

ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ደረስኩ። መታጠፊያው ላይ ቆሜ ጫማዬን አሰርኩ። ፈታሁትና እንደገና አሰርኩ። ልጁ ለካ ቀድማኛለች።

ፊት ለፊት ካለው ጫማ ቤት መጠለያ ሥር ቆሜ በመስታወቱ አየኋቸው። በመስኮቱ የመነጽር ፍሬሞች ተደርድረዋል፣ ከኋላቸው ልጁ ከፍ ያለች ወንበር ላይ ተቀምጣለች። ሰባት ቁጥር ከመደርደሪያው ጀርባ ወጣች፣ ጠርዙን በእጇ እየያዘች፣ ግራ እግሯን እየጎተተች። ወፍራለች። ፀጉሯን ተቆርጣለች። አጥብቄ ባላይ ኖሮ አላውቃትም ነበር፤ አካሄዷን ግን አወቅኩት።

ልጁ አንገቷን ደፍታ ታወራለች። ረጅም ጊዜ አወራች። ሰባት ቁጥር መነጽሯን አወለቀች። ከዚያ ራሷን ነቀነቀች፣ አይደለም እንደሚል ሰው። አንዴ ነቀነቀች፣ ቆየች፣ እንደገና። ልጁ ቀና አለች።

መሻገር ነበረብኝ። መንገዱ ባዶ ነበር፣ መኪና እንኳ አልነበረም። የጫማ ቤቱ ሰውዬ «አባት፣ ቁጥር ስንት ልስጥዎት?» አለኝ። አርባ ሁለት አልኩት። ከዚያ ሳልገዛ፣ ሳልሻገር፣ በመጣሁበት ተመለስኩ። እንዳላዩኝ አረጋግጬ ነው የሄድኩት። ይህንንም እጽፈዋለሁ።

ሰኞ፣ ስድስተኛ ሳምንት

የዚህ ሳምንት የመረብ ኳስ ክፍል የኔ ነው። ሃያ አራት ሰልጣኝ። ልጁ ፊት ወንበር ላይ ተቀምጣለች። «ደህና አደርሽ?» አልኳት።

«ደህና አደሩ፣ አሰልጣኝ» አለችኝ።

ጋሼ የለም። አንተ የለም። ከዳዴዋ ጀምሮ አንተ ስትለኝ የኖረች ልጅ። ሰሌዳው ላይ የሜዳ መስመር መሣል ጀመርኩ፣ እጄ ጠማማ መስመር ይሥላል። እጇን አወጣች።

«ታሪክ ቁጥር አራትን በሌላ ሰው አፍ ነው የሰማነው» አለች። «ዛሬ ባለቤቱ አሉ። ከእርስዎ ብንሰማው።»

«ዛሬ የመከላከያ ትምህርት ነው» አልኩ።

«እንጠብቃለን።»

ሌሎቹ ወንበራቸውን አዞሩ። ማንም ሳያዛቸው ክብ ሠሩ! ያቺ ሴትዮ ምን አድርጋቸዋለች? የመጀመሪያው ሐሳቤ ቁጣ ነበር፣ አልዋሽም። ማን ትሁንና ነው ይህቺ ትንሽ ልጅ በክፍሌ ውስጥ እኔን የምታፋጥጠኝ? ከዚያ አየኋት። አልተቆጣችም። ደብተሯን ከፍታ ብዕር ይዛ ትጠብቃለች። ያን ጊዜ ፈራሁ።

«ሁለት አሰልጣኞች ነበርን» ብዬ ጀመርኩ፣ እንደ ዓርቡ። «ዋናው እኔ ነኝ።»

እንደነበረው ነገርኳቸው። ፎጣው እስከ ወደቀበት ድረስ። አምስት ደቂቃም አልፈጀ። ውሸቱ ረዘም ያለ ነበር። ስጨርስ ማንም አላለቀሰም፣ ማንም መሀረብ አላወጣም። ከኋላ የተቀመጠ የአንድ ትምህርት ቤት አሰልጣኝ ጠየቀኝ።

«ረዳትዎ ስንት ጊዜ ነገረዎት?»

«ሦስት ጊዜ።»

«ሰምተውት ነበር?»

«ሰምቼዋለሁ።»

ሌላዋ «ተጫዋቿ ጋ ሄደው ያውቃሉ?» አለችኝ።

«ቅዳሜ እስከ በሯ ሄጃለሁ። አልገባሁም።»

ከዚያ ልጁ ጠየቀች። ድምፅዋ ዝግ ያለ ነው፣ አባቷ እንደሚናገረው።

«አባቴ ሲቀበር ንግግር ያደረጉት እርስዎ ነበሩ። 'ከኔ የተሻለ አሰልጣኝ ነበር' ብለው አለቀሱ። ያን ጊዜ ይህን ያስታውሱት ነበር?»

«አስታውሰው ነበር።»

«እሺ» አለች። ደብተሯን ዘግታ ወጣች። እኔም የመከላከያ አቋቋሙን አስተማርኩ፤ ምን እንዳስተማርኩ አላውቅም።

ማክሰኞ

ወይዘሪት ክብ ጋ ሄጄ ሁሉንም ነገርኳት። አልደነገጠችም። «ሦስት ሳምንት ስጠብቅዎት ነበር» አለችኝ። ታዲያ ለምን አልጠየቅሽኝም ብዬ ተነሳሁባት። «ጠይቄዎታለሁ። 'የለውም' ብለው በሬን ሰበሩት።» አልሰበርኩትም። ማጠፊያው ድሮም ላላ ያለ ነው።

ሁለቱን ገጾች ከመመሪያው አውጥታ ባዶ ወረቀት ሰጠችኝ። በእጅዎ ይጻፉት አለችኝ። እዚያው ተቀምጬ ጻፍኩት። አንብባ ሰበሰበችው፣ ምንም አላለችም።

«አንድ ነገር አትይኝም?» አልኳት።

«ክልክል ነው፣ አሰልጣኝ።»

ስወጣ ዋናተኛው ኮሪደር ላይ አየኝና ዓይኑን ሰበረ። ሰምቷል። በሰው ሁሉ ፊት የሟቹን ጩኸት እያስመሰለ ሲናገር የከረመ ሰው ነው፤ እሱንም ያስዋሸሁት እኔ ነኝ። ልቆጣው ፈለግኩ፣ የምቆጣበት ነገር አጣሁ። ያስቆጣል።

ረቡዕ

ባለቤቴ ስወጣ የት አላለችኝም። ኮቴን ይዛልኝ ቆመች።

መጀመሪያ ታች መንገድ ሄድኩ። መነጽር ቤቱ ገባሁ። ሰባት ቁጥር ሂሳብ የሚከፍል ሰው እያስተናገደች ነበር፤ አየችኝ፣ አወቀችኝ፣ ሰውየውን ጨርሳ ሸኘች። ይቅርታ ስላት እስከ መጨረሻው ሰማችኝና «እሱ በየወሩ እየመጣ ይጠይቀኝ ነበር፤ እስኪታመም ድረስ። አንድ ቀንም ስለ እርስዎ ክፉ አልተናገረም» አለችኝ። «እኔ ግን ተናግሬአለሁ፣ ብዙ ጊዜ። እንዲያውቁት ብዬ ነው።» ልክ ነሽ አልኳት። ሌላ ደንበኛ ገባ፣ ወጣሁ።

ከዚያ የሟቹ ቤት። ሁለተኛ ፎቅ፣ ግራ በኩል። ሚስቱ ከፈተች። ጠቁራለች፣ ከቀብሩ ቀን የባሰ። ከኋላዋ ልጁ ቆማ ነበር፤ ስታየኝ ወደ ውስጥ ገባች።

«ነግራኛለች» አለችኝ። «ግን ካንተ ልስማው።»

ግባ አላለችኝም። በሩ ላይ ቆሜ ነገርኳት። ታቋርጠኛለች ብዬ ጠበቅኩ፣ አላቋረጠችኝም። ትሰድበኛለች ብዬ ጠበቅኩ። ከላይ ቤት የሚወርዱ ልጆች በመሀላችን አለፉ፣ ዝም ብለን አሳለፍናቸው፣ ከዚያ ቀጠልኩ።

«ጨረስክ?» አለችኝ።

«ጨረስኩ። ይቅርታ አድርጊልኝ፣ እህቴ።»

«አንተስ ይኸው መጥተህ ጠየቅክ» አለች። የበሩን እጀታ አልለቀቀችም። «እኔ ሠላሳ አንድ ዓመት አብሬው ኖሬ፣ አንተ አንድ ቀን ስትናገር አንተን አመንኩ። እሱን ተጠየፍኩት። አልጋው ላይ ጀርባዬን አዙሬ ነው የምተኛው፣ እሱ በሌለበት አልጋ። እኔ ይቅርታ የት ሄጄ ልጠይቀው?»

የምትናገረው ለመናገር ያህል መስሎኝ ነበር። አልነበረም። ዓይኔን እያየች መልስ ትጠብቅ ነበር።

አላውቅም አልኳት።